ለትምህርት ቤቱ የገባ ስለት

ነዳጅ ጨመረ በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል፤ እኔን ግን የሰም ሽታ ይመጣብኛል። ልጆቼ ይህን ጠባዬን ስለለመዱ ዜና አንባቢው ስለ ቤንዚን ማውራት ሲጀምር እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። ትንሹማ "አባዬን ደግሞ ጧፍ ሸተተው" ብሎ ለጎረቤት አውርቶብኛል። እናንተም ጤንነቴን እንዳትጠራጠሩ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁና ፍረዱኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ አስተማሪ ሆኜ የተመደብሁት ግን ከማንኩሳ ወረድ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው። ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር ነው፤ ቆርቆሮው መዋጮው እስኪያልቅ የተመታ፣ ሣሩ መዋጮው ካለቀ በኋላ የተከደነ። መንግሥት የሚልክልን ሁለት ነገር ነበር፤ ጠመኔና መመሪያ። ጠመኔው በየወሩ ያልቅብናል፣ መመሪያው ግን ተርፎን እንጀራ እናነሣበት ነበር። መምህራኑ ሁለት ብቻ ነን፤ ዲሬክተሩ አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን፣ እኔ ሦስተኛና አራተኛን እናስተምራለን።

ማታ ማታ ደግሞ እኔ የአዋቂዎች የመሠረተ ትምህርት ክፍል አለብኝ። ከትምህርቱ በፊት "ወቅታዊ ጉዳይ" የሚባል የውይይት ሰዓት እንዲኖር ታዝዟል። እውነቱን ልንገራችሁና ፊደል ከማስቆጠር ይልቅ ይህን ሰዓት ነበር የምወደው። ከዲሬክተሩ ሬዲዮ የለቀምሁትን ሁሉ ይዤ እቆማለሁ። ዓለምን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ እበታትናታለሁ፣ መልሼም እገጣጥማታለሁ። ገበሬው ዱላውን አገጩ ሥር አስደግፎ "እህ" ይለኛል። ይቺን "እህ" ለብዙ ጊዜ የአድናቆት ናት ብዬ ስወስዳት ኖሬ፣ ሲያርስ የዋለ ሰው እንቅልፍ እንዳይጥለው የሚያሰማት ድምፅ መሆኗን ወይዘሮ አንጓች ነገሩኝ።

ወይዘሮ አንጓች የምኖርበት ቤት እመቤት ናቸው። ትውልዳቸው አገው ነው፤ ከቡሬ ወዲያ ተድረው የመጡ። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከላሞቻቸው ጋር ግን በአገውኛ ነው የሚነጋገሩት። ላሞቹ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ቢሆኑም አማርኛ ይገባቸዋል ብለው አያምኑም። ባላቸው አያ እውነቱ ደግሞ ከላምም ከሰውም ጋር ብዙ አይነጋገሩም። ያሉትን ቃል ግን አገር ቢገለበጥ አያጥፉትም። ቃላቸውን ስለማያጥፉ ይከበራሉ፤ ብዙ ስለማይናገሩም ይፈራሉ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ የሻለም የምትባል፣ የእኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ። ጎበዝ ናት። አንድ ክፉ ልማድ ብቻ አለባት፤ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት ታርመኛለች። እንግዲህ ይቺን ልጅ ከወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋል። አያ እውነቱም "ትምህርት ቤቱ እስካለ ትማር፤ የተዘጋ እንደሆነ ግን በጥር ውሰዷት" ብለው ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥተዋል። እኔ ይህን የሰማሁት እናቷ እንስራቸውን አውርደው ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ ደርሼ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ለአራተኛ ክፍል ያልበቃ ቁመት ነበራትና ሰሌዳውን ስታርመኝ እንኳ ድንጋይ ላይ ቆማ ነበር።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ላምባ ጠፋ። መጀመሪያ ከማንኩሳ ሱቆች ጠፋ፣ ቀጥሎ ከቡሬ። የክፍላችን ማሾ ሥሯ በቀረችው ላምባ እየተንፈራገጠች ለሁለት ሦስት ቀን ሰነበተች። እኔም የቀረችውን ብርሃን በምን ባውላት ጥሩ ነው? ስለ ዓለም የነዳጅ ቀውስ ንግግር አደረግሁባት። አረቦቹ በርሜሉን እንዴት እንደሚቆልፉ፣ ባለጠጎቹ አገሮች እንዴት እንደሚንጫጩ፣ ዋጋው በየት ዞሮ በየት እንደሚመጣ አብራራሁ። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር፤ ሳበቃ ላብ አጥምቆኛል። ወይዘሮ አንጓች ከሴቶቹ መካከል እጃቸውን አነሡ።

"መምህር፣ የአረቦቹን ሰማን። እኛስ?"

"እኛማ እማ፣ የዚህ የዓለም ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነን።"

"ቀለበቱን ተወውና፣ ላምባ አለ ወይስ የለም?"

"የለም።"

"ላምባ ከሌለ የማታው ትምህርት ይቆማል?"

"ይቆማል።"

"የማታው ከቆመ አንተን ያነሡሃል የሚባለውስ?"

እውነት ነበር። የማታ ክፍል የማይሠራበት ትምህርት ቤት ሁለተኛ መምህር ትርፍ ነው የሚል መመሪያ መጥቶ ነበር። "ያነሡኛል" አልሁ።

"አንተ ከተነሣህ አራተኛ ክፍልን የሚያስተምር የለም። አዬ፤ እንግዲህ አረቦቹ በርሜላቸውን ቆልፈው ልጄ በጥር ልትዳር ነው በለኛ።"

ክፍሉ ውስጥ ያን ምሽት "እህ" ያለ አልነበረም። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ የለፋሁበትን ነገር እሳቸው ከአረብ በረሃ አንሥተው ደጃቸው ላይ አሳረፉት። ማሾዋም እኔን ለማዳን ብላ ይሁን እንጃ ጠፋችልኝ።

በማግስቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ገሠገሥሁ። ከነዚያ ሁሉ ቢሮዎች በአንዱ የተቀመጠ ሰው አቤቱታዬን በትዕግሥት ሰማኝና "ጓድ መምህር፣ የኃይል ችግሩ ዓለም አቀፍ ነው" አለኝ። ከዚያም አረቦቹን፣ በርሜሉን፣ ባለጠጎቹን እየጠራ አብራራልኝ። የራሴን ንግግር ከሰው አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት እንደሚያናድድ ያን ቀን ገባኝ። ሲያበቃ "መፍትሔው ራስን መቻል ነው" ብሎ አሰናበተኝ። እኔም "እህ" ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ቡሬ ወረድሁ። አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከራሱ ቤት ቀንሶ ትንሽ ጀሪካን ላምባ ሞላልኝ። ጀሪካኗን ታቅፌ እህል በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ጎኔ አንዲት ነጋዴ ሴትዮ ቅቤያቸውን በቅል ይዘው ተቀምጠዋል። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ከራሴ ጋር ስለ ወቅታዊ ጉዳይ መወያየት ጀመርሁ፤ የገበሬዎቼን ዕዳ ያን ጊዜ ከፈልሁ መሰለኝ፣ የራሴ ንግግር አስተኛኝ። ስነቃ ጀሪካኗ ተጋድማ ላምባው ከቅቤው ቅል ውስጥ ገብቷል። ሴትዮዋ አልጮኹብኝም። ቅሉን አሽትተው "ልጄ፣ ይኸ እንግዲህ የሚበላ ሳይሆን የሚነድ ነው፤ ዋጋውን ስጠኝና ውሰደው" አሉኝ። ላምባ ፍለጋ የሄድሁት ሰውዬ ቅቤ ገዝቼ ተመለስሁ። ወይዘሮ አንጓች በኩራዝ ሊያነዱት ሞክረው ነበር፤ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ አያ እውነቱ ጋቢያቸውን ይዘው ውጭ አደሩ።

ከዚህ በኋላ ክፍሉ ተዘጋ ማለት ነው ብዬ ጓዜን መሰብሰብ ጀመርሁ። አንድ ጧት ወይዘሮ አንጓች ነጭ ለብሰው፣ አንድ እስር ጧፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እልል አሉ። ቀስ ያለች፣ አንድ ሰው የምትሆን እልልታ ናት።

"ምንድን ነው እማ?"

"ስለት ነው። ቡራቡሬዋ ላሜ በሰላም ከተገላገለች ጧፍ አገባለሁ ብዬ ነበር። ተገላገለች።"

"ታዲያ ገብርኤል እኮ ወዲያ ነው።"

"ገብርኤልን መቼ አጣሁት። ለትምህርት ቤቱ ነው የተሳልሁት።"

እኔ የዚያ ዘመን ወጣት ነኝ። ደረቴን ነፍቼ ትምህርት ቤት ታቦት እንደሌለው፣ ስለት እንደማይሰማ፣ ላሚቱም የወለደችው ወሯ ስለደረሰ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርሁ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አስጨረሱኝ።

"መምህር፣ እሱን እኔና ገብርኤል ተነጋግረንበታል። እሱ ዘንድ ጨለማ የለም። ጨለማው ያለው አንተ ዘንድ ነው።"

ጧፉን ተቀበልሁ። ምን ላድርግ፤ ጨለማው እውነት እኔ ዘንድ ነበር። ያን ምሽት ክፍላችን በጧፍ በራ። እያንዳንዱ ሰው በግራ እጁ ጧፍ፣ በቀኙ እርሳስ ይዞ "ሀ" ን ሲጽፍ ይታያችሁ። ደብተሩ ሁሉ ሰም ሰም ሆነ። አንድ ሽማግሌ "ጨ" ን በደንብ ለማየት ተጠግተው ጢማቸው ተለበለበ። ግን ማንም አላንቀላፋም፤ ጧፍ የያዘ ሰው ቢያንቀላፋ የጎረቤቱን ጋቢ ያቃጥላል። በዚያ ወር የተማሩትን ያህል በማሾ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ አልተማሩም።

ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የማወጋችሁ አይኖረኝም ነበር። ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት በቅሎዋ ስለተገኘችላት ጧፍ አመጣች። ቀጥሎ የባሏ ወገብ የተሻለላት መጣች። ያ ትምህርት ቤት ስለት ይሰማል የሚል ወሬ ወንዝ ተሻገረ። መዋጮ ሲባል የሚሸሸው ሰው ሁሉ፣ ለማኅበሩ፣ ለሰልፉ፣ ለእናት አገር ጥሪው እየተባለ የተሰላቸው ሰው ሁሉ፣ ስለት ሲሆን ማንም ሳይጠይቀው ተሸክሞ ይመጣ ጀመር። ጧፍ መጣ። ማር መጣ። ቢጫ ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥላ መጣ። አንድ ቀን ጧት የቢሮውን በር ስከፍት አንድ ሙክት ወንበሬ አጠገብ ታስሮ የአራተኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና ሲበላ ደረስሁበት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳ፣ በስብሰባ አድኃሪ ልማድ ይውደም እያለ ቡጢውን የሚያነሣው ሰውዬ፣ ድንግዝግዝ ሲል ከጋቢው ሥር ጧፍ አውጥቶ "ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ" ብሎኝ ሄደ። አልጠየቅሁትም።

የባሰው ነገር በር ላይ ነበር። ለማታው ክፍል የሚመጣው ሰው ጫማውን እያወለቀ፣ መቃኑን እየሳመ መግባት ጀመረ። አይሆንም ብል ማን ይሰማኛል። የቀን ተማሪዎቼም ከወላጆቻቸው አዩና ማርፈጃ ሰበብ አገኙ፤ የት ቆየህ ስለው "መቃን ስስም" ይለኛል። በዚህ ላይ የገብርኤል ደብር ገበዝ ቄስ ጥበቡ መጡብኝ። የደብሩን ንዋይ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። በትሕትና ተቀመጡና ስለ ሰብሉ ጠየቁኝ፣ ስለ ወላጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ጉንፋኔም ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ "ልጄ፣ አንተ ዘንድ ሲበራ እኛ ዘንድ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል" አሉኝ።

አፈርሁ። ተመካከርንና ጥላዎቹን፣ ማሩንና ሙክቱን እኔ ወደ ደብሩ ልልክ፣ እሳቸው ደግሞ ከሚገባላቸው ጧፍ ሊያካፍሉኝ ተስማማን። በማግስቱ ለማታው ክፍል ይህ ንግድ መሆኑን፣ አገሮችም ነዳጅን በስንዴ የሚለዋወጡት እንደዚሁ መሆኑን አስረዳሁ። ያን ቀን ነው መሰለኝ ገበሬዎቹን የወቅታዊ ጉዳይ ንግግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣማቸው። የሻለም ከእናቷ ጎን ሆና ጧፍ ትይዝላቸው ነበር። እኔ ይቺን ልጅ ባየሁ ቁጥር ጥር ስንት ቀን እንደቀረው አስባለሁ።

ጥር ሊገባ ሲል መልእክት ደረሰ። በአካባቢው ካሉት የማታ ክፍሎች ሳይቋረጥ የሠራ የእኛ ብቻ ስለሆነ፣ የብርሃኑን ችግር እንዴት እንደፈታነው የሚያይ ኃላፊ ከአውራጃ ይመጣል ይላል። አብዮቱ ለናሙና የመረጠው ክፍል በስለት የሚበራ ነው እንዴት ይባላል? ወሬው ደግሞ ወንዝ ሲሻገር ተቀየረ። እዚያ ማዶ የደረሰው "ትምህርት ቤቱን ሊዘጋ ሰው ይመጣል" ተብሎ ነው።

በቀጠሮው ቀን የስለቱን ዕቃ ሁሉ ሸሸግሁ። የቀረውን ጥላ ከአልጋዬ ሥር፣ ጧፉን ሁሉ ሰብስቤ በሣር ጣሪያው ውስጥ ሰገሰግሁት። ኃላፊው አመሻሽ ላይ በበቅሎ ደረሰ። መኪናው ቤንዚን አልቆባት ማንኩሳ ቀርታለች። በቅሎዋ የደብሩ ናት፤ ቄስ ጥበቡ ልጓሟን ይዘው እየመሩ አመጡት። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ከበቅሎ ሲወርድ ወገቡን ይዞ "እህ" ያለ። ከተማሪዎቹ ፊት ወንበር ሰጠሁት። ከዚያ ፀሐይ ገባች። ክፍሉ ጨለመ፣ እኔም ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ብርሃኑን ሊያይ የመጣውን ሰው ብርሃኑን ሁሉ ሸሽጌ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥሁት።

"ጓድ መምህር" አለ ከጨለማው ውስጥ፣ "ብርሃኑ የቱ ጋ ነው?"

"አሁን... የዓለም የኃይል ሁኔታ እንደሚታወቀው..." ብዬ ጀመርሁ። ከአረብ አገር ሳልወጣ ቄስ ጥበቡ ክብሪት ጫሩና ከቀሚሳቸው ያወጧትን ጧፍ ለኮሱ። ከሷ ወይዘሮ አንጓች፣ ከሳቸው ጎረቤታቸው እየተቀበሉ ክፍሉ በራ፤ ለካ ሁሉም ከጋቢው ሥር ይዟል።

ልክ በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ከማዶ የመጡት ሽማግሌዎች ጫማቸውን አወለቁ፣ መቃኑን ሳሙ፣ ገቡ። ኃላፊው እያንዳንዱን ነገር አየ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ለኃላፊው እጅ ነሥተው ወደ አያ እውነቱ ዞሩ። አያ እውነቱ ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ክፍሉን የረገጡት።

"ትምህርት ቤቱ መዘጋቱን ሰምተን ነው አያ እውነቱ። ጥርም ገባ። ቃልዎን ይዘን መጥተናል።"

የሻለም ጧፉን እንደያዘች ነበረች። እናቷ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ። አያ እውነቱ ተነሡ። ሰም ሲንጠባጠብ ይሰማል።

"ቃል ሰጥቻለሁ" አሉ። "ግን ስለት አለብኝ። ቀዩ በሬዬ ጠፍቶ አልነበረም? ከተገኘ የሻለምን ለትምህርት ቤቱ ብዬ ተስያለሁ። በሬው ተገኘ። ልጄ የስለት ልጅ ናት።"

እንደማውቀው ቀዩ በሬ የጠፋው ለግማሽ ቀን ነው፤ እሱም ክረምት ላይ፣ ለትምህርት ቤቱ ስለት መግባት ሳይጀመር። ግን እኔ የበሬ ታሪክ አዋቂ አይደለሁም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለገብርኤል ወይም ለማርያም የተሰጠን ልጅ ማንም እንደማይዳፈር ሁሉም ያውቃል፤ ለትምህርት ቤት የተሰጠ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ወደ ቄስ ጥበቡ ዞሩ።

"ገበዝ፣ ይኸ ያስራል?"

ቄስ ጥበቡ ጢማቸውን ዳበሱ። ጧፋቸውን የወሰድሁባቸው ሰው ናቸው። እኔ ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም።

"ስለት የሚያስረው የተሳለውን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ለማን ቢሳል፣ አፉ የተናገረው አፉ ነው። አፍርስ ብዬ የማዝዘው እኔ አይደለሁም። ግን ስለት ተቀባይ ያሻዋል። ተቀባዩ ከተቀበለ፣ ልጅቷን የሚነካ የለም።"

"ተቀባዩ ማነው?"

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ኃላፊውም ዞረ። ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ነገር በአንድ ቃል ይመዘናል። "ትምህርት ቤት ስለት አይቀበልም" ብል ትክክል ነኝ፣ መመሪያውም እንደዚሁ ነው፤ የሻለም ግን በጥር ትዳራለች። "እቀበላለሁ" ብል የምሰደድበትን ቦታ የሚጽፈው እርሳስ ፊቴ ነው። ልጅቷን አየኋት። ጧፏ አጥሮ ጣቷን ሊያቃጥላት ደርሷል፣ አልጣለችውም። ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋለች፤ ያን ጊዜ ብቻ ስሳሳት እንዳታርመኝ ፈራሁ።

"ተቀብያለሁ" አልሁ። "ትምህርት ቤቱ የሻለምን ተቀብሏል።"

ሽማግሌዎቹ ወደ ኃላፊው ዞሩ። "ጌታው፣ ታዲያ አይዘጋም?" አሉት።

ወጣቱ ኃላፊ በእርሳሱ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ። ኋላ እንዳጫወተኝ የደንበጫ ገበሬ ልጅ ነው፤ ልጅ መዳርን የሚከለክል አዋጅ አለ ብሎ ቢጮህ እሱ በቅሎዋ ላይ ሳይወጣ ሠርጉ እንደሚደገስ ያውቃል። "እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች" አለ፣ "ስለት የገባበትን ቤት የምዘጋ እኔ ማን ነኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "በሪፖርቱ ላይ 'የብርሃኑ ችግር በብዙኃኑ ተሳትፎና ራስን በመቻል መርህ ተፈታ' ብዬ ጻፍሁት፤ ውሸት አለበት?" አለኝ። አስቤ አስቤ ውሸት አጣሁበት። ስለ ትምህርት ቤት በጀትና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ብዙ ሪፖርት አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ እውነተኛ የሆነ አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ ሳይቆጡ ሄዱ። ሰው በስለት ቢከለከል አይዋረድምና እነሱም የቀለላቸው መሰለኝ። ወይዘሮ አንጓች ልጃቸውን ይዘው፣ በአማርኛ ይሁን በአገውኛ ያልለየሁትን እየተናገሩ፣ ግንባሯን ደጋግመው ሳሟት። ሰው ሁሉ ሲበተን አያ እውነቱ ቀሩ። ከበሩ ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ጠበቁኝ። ከሁለት ዓመት በላይ አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር እንደዚያ ሊያናግሩኝ ሲዘጋጁ አላየኋቸውም።

"መምህር፣ እኔ ልድራት ፈልጌ አይምሰልህ" አሉኝ። "ጠየቁኝ፣ አፌ ቃል ሰጠ። ከዚያ መውጫ አጣሁ። አንጓች ስታለቅስ እያደረች እኔ ተኝቻለሁ እያልሁ ስንቱን ሌሊት አሳለፍሁት።"

"አይዞዎት" አልኋቸው።

"አንድ ነገር ግን ንገረኝ። ለደብር የተሰጠ ልጅ የሚያገለግልበት ልክ አለው፤ ልኩ ሲደርስ ወላጁ ይጠየቃል። ይቺስ እስከ መቼ ናት?"

"ትምህርቷን እስክትጨርስ ነው።"

"ትምህርት መቼ ነው የሚያልቀው?"

ስለ አረብ በርሜል የማላጣው መልስ ለዚህ ጠፋኝ። ስድስተኛ ክፍል ልል አሰብሁ፤ ከዚያ ስምንተኛ አለ። ከስምንተኛ ወዲያ ፍኖተ ሰላም አለ፣ ከፍኖተ ሰላምም ወዲያ ሌላ አገር አለ።

"አያ እውነቱ፣ ትምህርትስ አያልቅም" አልኋቸው።

ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወስደው ቆዩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

"እንግዲያው አደራህን መምህር፣ ቶሎ እንዳታስጨርሳት።"